በአሮጌ የእርሻ መኪና ሞተር ውስጥ ተሰብሮ የቀረውን ቡሎን ስለ ማውጣት

ቡሎን ሁለት ብረቶችን አንዱን ከሌላው ጋራ አጣብቆ የሚይዝ ጥርሳም ብረት ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቢጠፋም ቢሰበርም ሌላ ገዝቶ መተካት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ይህ ትንሽ ብረት በሞተር ገላ ውስጥ እንደ ገባ አንገቱ ተቈርጦ ስባሪው በቀዳዳው የቀረ እንደ ሆነ፥ የጉዳቱ ልክ ከቡሎኑ ዋጋ ጋራ አይመዛዘንም። ስባሪው ሳይወጣ ሞተሩን መግጠም አይቻልም፤ ስባሪውን አወጣለሁ ብሎ ያለ ትዕግሥት የሚታገል ሰውም ቀዳዳውን ያበላሸዋል፥ ወይም ገላውን ይሰነጥቀዋል። ቡሎን በየገበያው ይገኛል፤ ፋብሪካው መሥራቱን ከተወ ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነው የእርሻ መኪና ግን የሞተር ገላ መተካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያስብለት የሚገባው ስባሪውን ለያዘው ገላ ነው።

የእርሻ ወራትም ሰውን አይጠብቅም። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ከለሰለሰ በኋላ መኪናው ተፈታትቶ ሳምንት ቢቀመጥ የዘሩ ጊዜ ያልፋል። ሠራተኛውን ወደ ጥድፊያ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ይህ ፍርሃት ነው፤ ጥድፊያውም የሁለት ቀኑን ሥራ የሁለት ወር ያደርገዋል።

ለትምህርቱ ምሳሌ እንዲሆን ፎርድ የተባለው የአሜሪካ የእርሻ መኪና ይወሰድ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ሄንሪ ፎርድና በአየርላንድ የተወለደው መሐንዲስ ሃሪ ፈርጉሰን በ1938 የጽሑፍ ውል ሳያደርጉ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተስማሙ፤ በ1939ም 9ኤን የተባለውን መኪና አወጡ። እርሱን በ1942 2ኤን፥ በ1947 ደግሞ 8ኤን ተከተሉት። 8ኤን የተባለው እስከ 1952 ሲሠራ ቈይቶ ቍጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል። ሄንሪ ፎርድ ከሞተ በኋላ ፈርጉሰን ከኩባንያው ጋራ ተካሶ በ1952 ካሣ ተቀበለ፤ በሚከተለው ዓመትም ሥራውን ከማሲ ሃሪስ ኩባንያ ጋራ አንድ አደረገ። ማሲ ፈርጉሰን የሚለው፥ በኢትዮጵያም አራሾች ዘንድ የታወቀው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

የእነዚህ የፎርድ መኪኖች ሞተር አራት ሲሊንደር ያለው፥ ስፋቱም ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ነው። ቫልቮቹ የቆሙት በገላው ውስጥ በሲሊንደሮቹ ጎን ነው እንጂ እንደ አሁኑ ዘመን ሞተሮች በክዳኑ ውስጥ አይደለም። በዚህም ምክንያት የተቃጠለው ጢስ የሚወጣው ከገላው ጎን ነው፤ ጢሱን የሚሰበስበውና ማኒፎልድ የሚባለው ብረትም በቀጥታ በገላው ላይ በቡሎን ይታሠራል። የማኒፎልዱ ቡሎን የተሰበረ እንደ ሆነ እንግዲህ ስባሪው የሚቀረው በሞተሩ ገላ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት መምህሩ የመሣሪያዎቹን ስም ለተማሪዎቹ ማስረዳት ይገባዋል። የኢትዮጵያ የእጅ ባለሞያዎች ከሚጠሩባቸው ስሞች ብዙዎቹ ከኢጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ዳዶ ቡሎኑን በቀዳዳው የሚቀበለው ባለ ስድስት ገጽ ብረት ነው፤ ሮንዴላ በመካከል የሚገባው ጠፍጣፋ ቀለበት ነው፤ ትራፓኖ ብረት የሚሰረስረው መሣሪያ ሲሆን ፑንታ በእርሱ ላይ የሚገጠመው መብሻ ነው፤ ማስኪዮ በቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚያወጣው ነው፤ ጊዛ ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት ነው፥ የሞተሩም ገላ ከዚሁ የተሠራ ነው። ቡሎኑ ግን የሚሠራው ከአረብ ብረት ነው። የሁለቱ ብረቶች ጠባይ የተለያየ መሆኑ በዚህ ሥራ ሁሉ ውስጥ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜ ሠራተኛውን ይረዳዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጎዳዋል።

ቡሎኑ ለምን እንደሚጣበቅ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ብረት ከአየርና ከእርጥበት ጋራ ሲገናኝ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከበላው ብረት ይልቅ ከሁለት እጥፍ የበለጠ ቦታ ይይዛል። በቡሎኑ ጥርስና በገላው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፥ የሚያብጠው ዝገት መሄጃ አጥቶ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። በማኒፎልዱ ዘንድ ደግሞ እሳት ይጨመርበታል። ሞተሩ ሲሠራ ማኒፎልዱ ግሎ ይረዝማል፤ ሲቆም ቀዝቅዞ ያጥራል፤ ቡሎኖቹንም ወዲያና ወዲህ ይገፋቸዋል። ይህ ነገር በሺህ ለሚቈጠር ጊዜ ሲደጋገም የቡሎኑ አንገት ይደክማል። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ መስሎ ሳለ ውስጡ ስንጥቅ ይጀምረዋል። በመጨረሻም አንድ ሰው መፍቻ አግብቶ ሲጠመዝዘው አንገቱ ይቀነጠሳል። ሰውየው እኔ ሰበርሁት ብሎ ያዝናል፤ ዳሩ ግን ብዙውን የሠሩት እሳትና ዝገት ናቸው።

መምህሩ ይህን በትምህርት ቤት ለማሳየት ቢወድ፥ ሁለት ቡሎኖች ከነዳዷቸው ወስዶ የአንደኛውን ጥርስ ግራሶ ቀብቶ፥ ሁለተኛውን ደረቁን ትቶ፥ ሁለቱንም አጥብቆ ይሠር። ከዚያም ጨው በተጨመረበት ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ጨርቁ ሲደርቅ እያራሰ አንድ ወር ያኑራቸው። ወሩ ሲፈጸም ልጆቹ ሁለቱን በየተራ ለመፍታት ይሞክሩ፤ ልዩነቱን በእጃቸው ያውቁታል።

ከሁሉ የሚሻለው ቡሎኑን ሳይሰብሩ መፍታት ነው። በመጀመሪያ ራሱንና ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ያጸዱታል። ቀጥሎ ላምባ ከቀጭን ዘይት ጋራ ቀላቅለው ወደ ጥርሱ እንዲሰርግ ያንጠባጥቡበታል፤ ጧትና ማታ እየደገሙም አንድ ቀን ወይም ሦስት ቀን ይተዉታል። በየጊዜው የቡሎኑን ራስ በመዶሻ መታ መታ ያደርጉታል፤ ይህም ዝገቱ ተንቀጥቅጦ እንዲሰነጣጠቅና ላምባው መንገድ እንዲያገኝ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለሚያየው ሰው ጊዜ ማጥፋት ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙዎች ይዘሉታል።

መፍቻው የቡሎኑን ስድስት ገጽ ሁሉ የሚይዝና በልኩ የሆነ መሆን አለበት፤ የላላ መፍቻ የራሱን ማዕዘን ይበላውና ሁለተኛ መያዣ ያሳጣል። በመጀመሪያ የሚሞከረው ማላላት ሳይሆን ጥቂት ማጥበቅ ነው። ወደ ማጥበቅ በኩል የፀጉር ያህል የተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ ዝገቱ ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ያላላሉ፥ ግማሹን ይመልሳሉ፥ ዘይት ይጨምራሉ፥ ደግሞም ያላላሉ። ቡሎኑ ሲዞር ቢጮኽ አያስፈራም፤ እየተፈታ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ መፍቻው እየሄደ ሳለ ቡሎኑ በእጅ ላይ እንደ ጎማ የመለጠጥ ስሜት የሰጠ እንደ ሆነ፥ ጥርሱ በቦታው እንደ ተጣበቀ አንገቱ እየተጠመዘዘ ነው። ያን ጊዜ እጅን ማንሣትና ወደ ላምባው መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ስሜት በመጽሐፍ ማስተማር አይቻልም፤ መምህሩ አንድ ቀጭን አሮጌ ቡሎን በሞርሳ አሥሮ እያንዳንዱ ተማሪ እስኪሰበር ድረስ እንዲጠመዝዘው ቢያደርግ ግን ልጁ የመለጠጡን ነገር እስከ ዕድሜው አይረሳውም።

በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ መቀጠል የብዙ ሰው ልማድ ነው። በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ በ10 ኪሎ ኃይል የሚጎትት ሰው፥ በ30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ላይ ከ33 ኪሎ በላይ እንደ ጎተተ ይቈጠራል። እንግዲህ ቧንቧው ጕልበትን ይጨምራል፤ እጅ ግን የቡሎኑን ስሜት እንዳይሰማ ያደርጋል። የዛገውን ትንሽ ቡሎን በዚህ መንገድ ልጅ እንኳ ሊቈርጠው ይችላል።

ላምባ ያልፈታውን ሰም የሚፈታበት ጊዜ አለ። በቡሎኑ ዙሪያ ያለውን ብረት በእሳት ያሞቁና፥ እሳቱን አርቀው በጥርሱ አፍ ላይ የንብ ሰም ወይም ሻማ ያስነካሉ። ሰሙ ቀልጦ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ይሳባል። ከዚህ በፊት ግን ነዳጁን ከመኪናው ማራቅ፥ የባትሪውንም ገመድ መፍታት ግዴታ ነው፤ ላምባ የተንጠባጠበበትም ቦታ ተጠርጎ መድረቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቡሎኑ ቢሰበር፥ በዚያች ሰዓት የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ መሣሪያውን ማስቀመጥ ነው። በተሰበረ ቍጥር ወዲያው መሰርሰሪያ የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ስሕተት በአንድ ቀን ይሠራል። በመጀመሪያ የቀሩትን ቡሎኖች በዝግታ ፈትቶ ማኒፎልዱን ያነሣል፤ ምክንያቱም ቡሎኑ የተጣበቀው በገላው ጥርስ ውስጥ ሳይሆን በማኒፎልዱ ቀዳዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ማኒፎልዱ ሲነሣ የስባሪው ጫፍ ከገላው ወጣ ብሎ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜም በጉጠት ተይዞ ያለ ብዙ ድካም ይዞራል።

ስባሪው ከገላው ውጭ የጣት ውፍረት ያህል የተረፈ ከሆነ ተስፋው ብዙ ነው። ግራና ቀኙን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርገው በመፍቻ ይይዙታል፤ ወይም ጥርሱ ደኅና ከሆነ ሁለት ዳዶዎች አግብተው አንዱን በሌላው ላይ አጥብቀው ቈልፈው፥ የታችኛውን ዳዶ በመፍቻ ያዞራሉ። እነዚህ ሁለቱ የማይጎዱ መንገዶች ስለ ሆኑ ከሌላው ሁሉ በፊት ይሞከራሉ።

እነዚህ እንቢ ካሉ፥ ወይም የተረፈው ጫፍ እጅግ አጭር ከሆነ፥ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እርሱም በስባሪው ላይ አንድ ሮንዴላ ያኖራል፥ በላዩም ቀዳዳው ከስባሪው ጥቂት የሚሰፋ ዳዶ ያስቀምጣል፤ ከዚያም በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ ከስባሪው መካከል ጀምሮ እስኪሞላ ድረስ ይበይዳል። ዳዶው በዚንክ የተለበጠ አይሁን፤ ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሰውን ያሳምማል። የዚህ ዘዴ ጥቅም እጀታ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ከእጀታው ይልቅ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሙቀቱ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አረብ ብረት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ውፍረቱ በ0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ይህ ለዐይን ምንም አይደለም፤ ለዝገት ግን ብዙ ነው። ስባሪው ገላው ከመጋሉ በፊት አብጦ ዝገቱን ይጨፈልቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ ስባሪው ወደ ልኩ ይመለሳል፥ የተጨፈለቀው ዝገት ግን አይመለስም። ስለዚህ የዳዶው ቅላት ጠፍቶ እስኪጠቍር መታገሥ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ ያንቀሳቅሱታል። ዳዶው ተገንጥሎ ቢወድቅ ሌላ ዳዶ ይበየዳል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዳዶ የሚወጣ ስባሪ ብዙ ስለ ሆነ፥ በአንደኛው ሙከራ ተስፋ መቍረጥ ስንፍና ነው።

ስለ እሳት ሲነገር የጊዛ ጠባይ መታወስ አለበት። ጊዛ በውስጡ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ያህል ካርቦን የያዘ ብረት ነው፤ በዚህም ምክንያት ሲጫኑት ጠንካራ ነው፥ ሲስቡት ግን ሳይለጠጥ ይሰነጠቃል። አንዱ ቦታ ብቻ በኃይል ግሎ ጎረቤቱ ቀዝቃዛ የሆነ እንደ ሆነ፥ የጋለው ይስፋፋና ቀዝቃዛውን ይገፋዋል። ስለዚህ እሳት በሰፊው አካባቢ በዝግታ ይሰጣል፥ በዝግታም እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። በጋለ ገላ ላይ ውሃ ማፍሰስ በፍጹም የተከለከለ ነው፤ በገላው ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ውሃም አስቀድሞ መፍሰስ ይገባዋል።

በኦክስጅን እሳት የሚሠሩ የተፈተኑ ባለሞያዎች ሌላ ጥበብ አላቸው፤ አረብ ብረት ግሎ ኦክስጅን ሲነፋበት እንደ እንጨት ይቃጠላል፥ ጊዛ ግን በቀላሉ አይቃጠልም። ስለዚህ ስባሪውን በቀዳዳው ውስጥ አቃጥለው የገላውን ጥርስ ሳይነኩ ያወጡታል። ይህን ማየት ያስደንቃል፤ ለመማር ግን የጥሩ መኪና ገላ ቦታው አይደለም፥ መማሪያው የተጣለ ብረት ነው።

ስባሪው ከገላው ፊት ጋራ እኩል የሆነ፥ ወይም ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፥ የሚቀረው መንገድ መሰርሰር ነው። በዚህ ሥራ ገላው የሚጠፋውም የሚድነውም ከመጀመሪያው ነጥብ የተነሣ ነው። የተሰበረው ፊት ዘወትር ሸካራና ዘንበል ያለ ስለ ሆነ ፑንታው በላዩ አይቆምም፤ ተንሸራትቶ ወደ ጎን ይሄዳል። የሚሄደውም ሁልጊዜ ወደ ለስላሳው ነው፤ ጊዛው ከቡሎኑ ይልቅ ለፑንታ የሚላላ ስለ ሆነ ፑንታው ስባሪውን ትቶ ገላውን ይበላል። ስለዚህ አስቀድሞ የስባሪውን ፊት በትንሽ መሮ ወይም በሞረድ ያስተካክሉታል፤ ከዚያም መካከሉን ለክተው በሹል ብረት ነጥብ ይመቱበታል። ነጥቡ ከመካከል ወጥቶ እንደ ሆነ ሹሉን ብረት ዘንበል አድርጎ በመምታት ወደ መካከል መመለስ ይቻላል፤ ይህ መመለስ የሚቻለው ግን ገና ሳይሰረሰር ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ የባከነ ጊዜ አይደለም።

ከዐይን ይልቅ የሚታመን መሪ መሥራትም ይቻላል። ወፍራም የብረት ሰሌዳ ወስደው በጤነኞቹ ቀዳዳዎች ልክ ይበሱታል፥ በስባሪውም ትክክል ለቀጭን ፑንታ የሚሆን ጠባብ ቀዳዳ ያደርጉለታል፤ ሰሌዳውን በጤነኞቹ ቡሎኖች በገላው ላይ አሥረው በዚያ ቀዳዳ በኩል ይሰረስራሉ። ያን ጊዜ ፑንታው ቢፈልግ እንኳ ወደ ጎን መሄድ አይችልም። አንዳንዶች ሰሌዳ በመሥራት ፈንታ ማኒፎልዱን ራሱን መልሰው አሥረው፥ በቀዳዳው ውስጥ በልኩ የተቈረጠ ቧንቧ አግብተው መሪ ያደርጉታል፤ ማኒፎልዱ ያልተጣመመ ከሆነ ይህም ያገለግላል።

መጀመሪያ የሚገባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ቀጭን ፑንታ ነው። ትራፓኖው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ፑንታው በአረብ ብረቱ ላይ እንዳይቃጠል ዘይት ይሰጠዋል፤ በየጊዜውም ወጥቶ ይጠረጋል። የቡሎኑ ርዝመት ተለክቶ ፑንታው ከዚያ እንዳያልፍ በዙሪያው ጨርቅ ወይም ክር ይታሠርበታል፤ በሞተር ገላ ውስጥ ከቀዳዳው ማዶ ብዙ ጊዜ የውሃ መንገድ አለና። ዐይን በመነጽር መሸፈን አለበት፤ የብረት ፍቅፋቂ ወደ ዐይን ከገባ ምንም ቡሎን አይክሰውም። ለግራ እንዲዞር ተደርጎ የተሠራ ፑንታ የተገኘ እንደ ሆነ እርሱ ይመረጣል፤ ስባሪው የላላ ከሆነ ፑንታው ሲይዘው ራሱ ጠምዝዞ ይዞት ይወጣል። ሠራተኛው እየሰረሰረ ሳለ ስባሪው በድንገት ሲዞር ቢያይ፥ ያ ለወራት የሚተረክ ደስታ ነው።

ቀዳዳው ቀጥ ብሎ በመካከል ከሄደ በኋላ በየተራ ወፈር ያሉ ፑንታዎች ይከተላሉ። የመጨረሻው ፑንታ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በቀላል ሒሳብ ይታወቃል፤ ከቡሎኑ ውፍረት ላይ በአንዱ ጥርስና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ይቀነሳል። 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን ጥርሱ በ1.5 ሚሊ ሜትር የሚራራቅ ከሆነ የመጨረሻው ፑንታ 8.5 ነው። በአሜሪካ መኪኖች መለኪያው ኢንች ነው፤ ውፍረቱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ ያለው ቡሎን፥ ውፍረቱ 9.525 ሚሊ ሜትር፥ የጥርሱም ርቀት 1.5875 ነው፤ ቢቀነስ 7.94 ሚሊ ሜትር ይቀራል፥ ይህም ልክ አምስት ዐሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው። ሒሳብ የሚማሩ ልጆች ይህን በሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ክፍልፋይ ለምን እንደሚጠቅም ሳይነገራቸው ያስተውሉታል። ዳሩ ግን ወደ መጨረሻው ልክ ከመድረስ በፊት በአንድ ደረጃ ያነሰው ፑንታ ላይ መቆም ብልኅነት ነው። በዚያ ጊዜ የቀረው ስባሪ እንደ ቅርፊት ስለሚሳሳ፥ በቀጭን መሮ ወደ ውስጥ ሸብሸብ አድርገው በጉጠት ሊስቡት ይችላሉ፤ የገላውም የቀድሞ ጥርስ ሳይነካ ይድናል። በጥርሱ መካከል የቀረውን ሽቦ መሰል ቍራጭ በመርፌ መሰል ብረት ይለቅሙታል፤ በመጨረሻም ማስኪዮውን ዘይት ቀብተው በእጅ በዝግታ እያዞሩ፥ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፥ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፥ ጥርሱን ያጸዱበታል።

በተሰረሰረው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ስባሪውን ወደ ግራ የሚያወጣ፥ ጥምዝ ያለው ሾጣጣ መሣሪያ በገበያ ይሸጣል። ሻጮቹ ያመሰግኑታል፤ ብዙ የቈዩ ባለሞያዎች ግን ይፈሩታል፥ ፍርሃታቸውም ምክንያት አለው። መሣሪያው ሾጣጣ ስለ ሆነ እየገባ ሲሄድ ስባሪውን ወደ ጎን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ስባሪም ከፊተኛው ይልቅ ይጣበቃል። ከዚህም በቀር መሣሪያው እጅግ የጠነከረ ስለ ሆነ ሳይለጠጥ በድንገት ይሰበራል። ያን ጊዜ በቀዳዳው ውስጥ ያለው ስባሪ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛውንም ተራ ፑንታ አይበሳውም። በኃይል የተጣበቀን ቡሎን መፍቻ በሙሉ ራሱ ይዞ ካልፈታው፥ ከእርሱ የቀጠነ መሣሪያ ይፈታዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። መሣሪያው የሚጠቅመው አንገቱ በእሳትና በድካም ለተሰበረ፥ ጥርሱ ግን ላልዛገ ቡሎን ነው። ተሰብሮ ከቀረ ግን በላዩ ላይ ተራ ፑንታ መሞከር ፑንታውን ወደ ጊዛው መምራት ስለ ሆነ፥ ሥራውን አቁሞ ገላውን ጠንካራ ብረት የሚበሳ ልዩ ፑንታ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ መሣሪያ ወዳለው ትልቅ የብረት ሥራ ቤት መውሰድ ይሻላል።

ፑንታው ከመካከል ወጥቶ የገላውን ጥርስ የበላ እንደ ሆነም ገላው ገና አልጠፋም። ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ቡሎን መግጠም አንዱ መንገድ ነው፤ በዚህ ጊዜ የማኒፎልዱም ቀዳዳ መስፋት አለበት። ሁለተኛውና የሚሻለው፥ ቀዳዳውን በልዩ ማስኪዮ አውጥቶ ከአረብ ብረት ሽቦ የተጠመጠመ አዲስ ጥርስ ማስገባት ነው፤ የቀድሞው ቡሎን በቀድሞው ልክ ይገባበታል። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጥርስ መዳን አይበልጡም፤ ከተጣለ ገላ ግን ይበልጣሉ።

ስባሪው ሲወጣ ውሃ ተከትሎት የፈሰሰ እንደ ሆነ ቀዳዳው ወደ ውሃው መንገድ የሚያልፍ መሆኑ ይታወቃል፤ አዲሱ ቡሎን ሲገባ ጥርሱ ውሃ የሚከለክል ማጣበቂያ ይቀባል። ወደ ውሃ የማያልፍ ከሆነ ግን ሙቀት የሚችል የግራፋይት ወይም የመዳብ ቅባት ይቀባል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ቡሎን የሚፈታው ሌላ ሰው ሳያውቀው ይጠቀምበታል።

አዲሱን ቡሎን ከማጥበቅ በፊት ማኒፎልዱ መመርመር አለበት። ቀጥ ያለ ብረት በፊቱ ላይ ጋድሞ ብርሃን ከሥሩ ያለፈ እንደ ሆነ ማኒፎልዱ ተጣሟል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የዳርቻው ቡሎን የሚሰበረው በዚህ ነው፤ የተጣመመው ማኒፎልድ ሳይስተካከል ቢታሠር አዲሱም ቡሎን እንደ ፊተኛው ይቀነጠሳል፥ ድካሙም ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፊቱ በፋብሪካ መሣሪያ ተልጎ ከተስተካከለና አዲስ ጓርኒሲዮን ከገባ በኋላ፥ ቡሎኖቹ ሁሉ በመጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፤ ቀጥሎ ከመካከል ወደ ዳር በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪግል ይሠራል፤ ጠፍቶ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላም ጓርኒሲዮኑ ተጭኖ ስለሚሳሳ ቡሎኖቹ ሁለተኛ ጊዜ በመፍቻ ይሞከራሉ። በማኒፎልዱ ዳር የጢስ ጥቍረት ወይም የመንፋት ድምፅ ካለ፥ አንዱ ቡሎን ገና አልያዘም ማለት ነው።

የወጣው ስባሪ አይጣል። መምህሩ አጥቦ በትምህርት ቤቱ ቢያኖረው፥ አንገቱ የተቀነጠሰበትን ፊት ለተማሪዎቹ ያሳይበታል፤ የቈየው ስንጥቅ የዛገና የጠቈረ፥ በመጨረሻው ሰዓት የተሰበረው ክፍል ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሆኖ በአንድ ፊት ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል።